ስደትና የሥራ ገበያ
ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለምእመናን የተዘጋጀ ትምህርት



አንዲት ልጅ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ስትሄድ «ዕድሏን ልትሞክር ነው» እንላለን። ይሁን እንጂ ውሳኔው የእርሷ ብቻ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ ወላጅ፣ ደላላና አበዳሪም አሉበት። ስለዚህ የስደትን ምክንያቶች በሚገባ መመርመር ያስፈልገናል።

1. ከአገር የሚገፋው ምክንያት

በብዙ የገጠር አካባቢዎች የእርሻ መሬት ከአባት ወደ ልጆች ሲከፋፈል እየጠበበ ሄዷል። ትምህርቱን የጨረሰ ወጣትም ወደ ከተማ ወርዶ ሥራ አጥቶ ይቀመጣል። ከዚህ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት ጋር ማኅበራዊው ይጣመራል፤ የጎረቤት ቤት በልጅ ገንዘብ ቆርቆሮ ሲለብስ፣ ያልሄደችው ልጅ እንደ ሰነፍ ትቆጠራለች።

2. ወደ ውጭ የሚስበው ምክንያት

የባሕረ ሰላጤው አገሮች በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ከናረ ወዲህ ለግንባታና ለቤት ውስጥ ሥራ የውጭ ሠራተኛ በብዛት መቅጠር ጀመሩ። ነገር ግን «ከፋላ» የተባለው ሥርዓት የሠራተኛይቱን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር አቆራኘው። የቤት ሠራተኞችም ለረዥም ዘመን ከአጠቃላዩ የሠራተኛ ሕግ ውጭ ሲደረጉ ኖረዋል። አሠሪዋን መለወጥ የማትችል ሠራተኛ ስለ ደመወዟ ለመደራደር አቅም የላትም፤ በመሆኑም ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚከፈለው ደመወዝ እንደ ሠራተኛይቱ ዜግነት ሲለያይ ይታያል።

3. በአገር ቤት የሚያስከትለው ውጤት

ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ቤተሰብ ይመግባል፤ ታናናሾችን ያስተምራል፤ ለአገርም የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። በአንጻሩ ግን መንደሩ አምራች ጉልበቱን ያጣል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 መንግሥት ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን ለጊዜው አገደ፤ በኅዳር ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ጀመረች። በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። ብዙዎችን የተቀበላቸው ያው የቀድሞው ሥራ አጥነትና ያልተከፈለ ዕዳ ነበር። እገዳው በ2018 እስኪነሣ ድረስም በጅቡቲና በየመን በኩል የሚደረገው አደገኛ ጉዞ አልቆመም።

4. የእኛ ድርሻ

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ ሰው የተሻለ ኑሮ ፍለጋ ከአገሩ የመውጣትም ሆነ የመመለስ መብት እንዳለው፣ ስደተኛውም ከሌላው ሠራተኛ ያነሰ መብት ሊሰጠው እንደማይገባ አስተምረዋል። እንግዲህ «አትሂዱ» ብሎ መገሠጽ ብቻ አይበቃም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው መሆኑን ይደነግጋል። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ በሬውን ሽጦ፣ በአራጣ ተበድሮ ለደላላ ይከፍላል። ዕዳ ያሰራት ልጅ ደግሞ ብትበደልም እንኳ ወደ ቤቷ ለመመለስ አትደፍርም። የመመለስ መብቷን አስቀድመን የነፈግናት እኛው ነን ማለት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን ለጉዞ የተበደሩ ቤተሰቦች ገንዘቡን ከማን፣ በምን ውል ተበደሩ?
ለ. ባዶ እጇን የተመለሰችን ልጅ እንዴት ተቀበልናት?