የአሠራርን ቅደም ተከተል የሚገልጽ ድርሰት

ባለፉት ትምህርቶች አንድን ቦታ ወይም አንድን ሰው ስለሚገልጽ ድርሰት ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ አንድ ነገር ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ድርሰት አጻጻፍ ትማራላችሁ። ስለ አንድ አገር ስትጽፉ ወንዙን ከተራራው አስቀድማችሁ ብትገልጹ የሚጎዳ የለም። ስለ ቤት ሥራ ስትጽፉ ግን ልስኑን ከሽቦው ብታስቀድሙ፣ ጽሑፋችሁን አምኖ ሥራ የጀመረው ሰው የለሰነውን ግድግዳ መልሶ ይፈነቅላል።

ለምሳሌነት የመረጥነው ጉዳይ ቤት በሚታደስበት ጊዜ የሚዘጋጅ የፊልም መመልከቻ ክፍል ነው። ቦታው ካራቆሬ ይሁን፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአጣዬ አልፎ የሚገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ነው። ሙቀቱ፣ የቆርቆሮው ጣሪያና የመሬቱ ጠባይ በዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ቅደም ተከተሉን እንዲጠነቀቅ ያስገድዱታል።

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት ስለ ጉዳዩ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማችኋል። ሲኒማ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የአዲስ አበባ ሕዝብ ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በኋላ ዘመን በብዙ ትንንሽ ከተሞች ቪዲዮ ቤት ተከፈተ፤ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዶ፣ በር ላይ ገንዘብ እየተከፈለ ፊልም ይታይ ነበር። ቪዲዮ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሙቀቱንና የድምፁን መደበላለቅ አይዘነጋውም። ዛሬ ቴሌቪዥኑና ፕሮጀክተሩ በየመኖሪያ ቤቱ ሲገቡ ሙቀቱና የድምፁ ችግር አብረው እንዳይገቡ ማሰብ ያስፈልጋል።

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ከልስኑ በፊት

በካራቆሬ የሚኖር አንድ ቤተሰብ የጭቃ ቤቱን ለማደስ ተነሣ እንበል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ ነው። በቤቱ ጀርባ ማሽላና ማሾ ሲከማችበት የኖረ ክፍል አለ፤ ወርዱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ይሆናል። እህሉ ወደ ሌላ ጎተራ ስለሚዛወር ክፍሉ ለፊልም መመልከቻ እንዲሆን ተወሰነ። ልጆቹ ወዲያው ስለ ቴሌቪዥኑ መጠን ይከራከራሉ፤ አባትየው ስለ ቀለሙ ያስባል። የሁለቱም ተራ ገና ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግድግዳው ይመረመራል። የይፋት ቆላ የሚገኘው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ግርጌ ነው። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ በዚህ አካባቢ የደረሰውና በካራቆሬ ስም የሚጠራው የመሬት መንቀጥቀጥ በመለኪያ ከ6 በላይ ነበር፤ የማጀቴን ከተማ አፈራረሰ፣ በካራቆሬም ብዙ ቤቶችን ጣለ። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስለዚህ ምስጥ የበላው ቋሚ በሌላ ሳይተካ፣ የላላው ማገር እንደገና ሳይመታ ወደ ሌላ ሥራ አይታለፍም። ቴሌቪዥኑ የሚሰቀልበት ቦታ አሁኑኑ ይመረጥና በሁለት ቋሚዎች መካከል ወፍራም አግዳሚ እንጨት ይመታል፤ ጭቃ ብቻውን ቡሎን አይዝምና። እንጨቱ ከልስኑ በኋላ ስለማይታይ ከወለሉ ያለው ከፍታ ተለክቶ በወረቀት ላይ ይጻፋል። ከተመልካቾች ራስ በላይ ግን ከባድ ድምፅ ማጉያም ሆነ መደርደሪያ አይሰቀልም።

ቀጥሎ የመቀመጫው ቦታ በወለሉ ላይ በኖራ ይሠመራል። የቴሌቪዥን መጠን የሚለካው ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ነው። 43 ኢንች የሚባለው 109 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ፊልም ለመመልከት የሚመቸው ርቀት የዚህ ልክ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ፣ ማለት ከ1 ሜትር ተኩል ትንሽ የሚበልጥ ነው። በፕሮጀክተር 2 ሜትር ወርድ ያለው ሥዕል ቢፈለግ ከፍታው 1 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ የማዕዘን ለማዕዘን ልኩ 2 ሜትር ከ30 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ወንበሩ ወደ 3 ሜትር ተኩል መራቅ ይኖርበታል፤ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ለዚህ ይበቃል። ልጆቹም ክርክራቸውን በሜትር ይጨርሱታል። የክፍሉ ወርድና ርዝመት እኩል አለመሆኑም መልካም ነው። 4 ሜትር በተራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል በሰኮንድ 43 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ እየተመላለሰ ይጎላል፤ አራቱም ጎን 4 ሜትር ቢሆን ኖሮ ይኸው አንድ ድምፅ በሁለት በኩል ተደራርቦ ሌላውን ይሸፍን ነበር።

መቀመጫውና ማሳያው ከታወቁ በኋላ ሽቦው ይዘረጋል። የኤሌክትሪኩ ሽቦ በአንድ ቱቦ፣ የሥዕልና የድምፅ ሽቦዎች በሌላ ቱቦ ውስጥ ገብተው ከማገሩ ጋር ይታሰራሉ። ወደ ጣሪያው ለሚወጣው የፕሮጀክተር ሽቦ የተዘጋጀው ቱቦ ውስጥ ሲባጎ ይተዋል፤ ወደፊት ሌላ ሽቦ ቢያስፈልግ ሲባጎው ይስበዋል። በቤታችን የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ስለሆነ ይህን ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሠራዋል፤ መብራቱንም ከቆጣሪው አጥፍቶ ይጀምራል።

ከዚያ ወዲያ መራጊው ይገባል። ምርጊቱ በቆላው ፀሐይ ፊቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ውስጡ ከደረቀ በኋላ ስንጥቁ ይደፈንና ልስኑ ይጀመራል።

ጣሪያው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን በሚመታበት ጊዜ የፊልሙ ተናጋሪ ምን እንደሚል አይሰማም፤ በበጋ ቀትር ደግሞ ቆርቆሮው የእሳት ምድጃ ይመስላል። ስለዚህ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ይመታል፤ በሁለቱ መካከል የሚታፈነው ትኩስ አየር እንዲወጣ በጣሪያው ክፈፍ ሥር ቀዳዳ ተትቶ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል። ኮርኒሱ የዝናቡን ድምፅ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በመጨረሻ ማሳያው ያለበት ግድግዳ ነጭ፣ ሌሎቹ ጠቆር ያለ ቀለም ይቀባሉ። ድምፁ እንዳያስተጋባም ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ በጀርባው ግድግዳ ላይ ወፍራም ጋቢ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ተርቆ ይሰቀላል። ጋቢ ለግድግዳ ሲሰጥ የሚያጉረመርም ሽማግሌ በቤቱ ባይጠፋም፣ ለድምፅ ከቀለም ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

የሰዋስው ማብራሪያ

በምንባቡ ውስጥ ጊዜን ከጊዜ የሚያያይዙትን ቃላት ተመልከቱ። ጸሐፊው «ውስጡ ከደረቀ በኋላ ልስኑ ይጀመራል» ብሏል። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ቦታ «ውስጡ ሲደርቅ» ብለው ይጽፋሉ። በንግግር ይህ አይነቀፍም። በጽሑፍ ግን «ሲደርቅ» ሁለት ትርጉም አለው፤ መድረቁ ከተፈጸመ በኋላ ማለትም ይሆናል፣ በመድረቅ ላይ ሳለ ማለትም ይሆናል። አንባቢው ሁለተኛውን ቢመርጥ እርጥብ ምርጊት ላይ ይለስናል፤ ጭቃው ውሃውን እየጨረሰ ሲኮማተር ልስኑም አብሮ ይሰነጠቃል። ጥፋቱ የለሳኙ አይደለም። «እየደረቀ» ብትሉ ሁለተኛው ትርጉም ብቻ ይቀራል፤ «እስኪደርቅ ይጠበቃል» ብትሉ ደግሞ መጠበቁ የት እንደሚያበቃ ይታወቃል።

«ሳይ» የሚለው ምዕላድም እንዲሁ ያሻማል። «ግድግዳው ሳይለሰን ሽቦው ይዘረጋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ልስኑ በኋላ እንደሚመጣ ሊያመለክት ይችላል፤ ግድግዳው ከነጭራሹ እንደማይለሰንም ሊያስመስል ይችላል። «ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት» ስትሉ ጥርጣሬው ይወገዳል። በምንባቡ «ሳይተካ … አይታለፍም» የተባለው ግን አያሻማም፤ ማሰሪያው ግሥ ራሱ አሉታ ስለሆነ የመጀመሪያው ሥራ ግዴታ መሆኑ ይታወቃል።

ቦዝ አንቀጽ ከሁሉ ያጠረ መንገድ ነው። «ሽቦውን ዘርግቶ ግድግዳውን ለሰነ» እና «ግድግዳውን ለስኖ ሽቦውን ዘረጋ» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያሉት ስሞችና ግሦች አንድ ናቸው። የተለወጠው ቦዙና ማሰሪያው ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን ግድግዳው መሮ ይጠብቀዋል። ሆኖም ቦዝ አንቀጽን አራትና አምስት ጊዜ አከታትላችሁ አትጻፉ። «ለክቶ፣ ቆርጦ፣ መትቶ፣ መርጎ፣ ለስኖ ጨረሰ» የሚል ጽሑፍ ሥራው ሁሉ በአንድ ቀን ያለቀ ያስመስለዋል፤ በመካከል ያለው የመጠበቂያ ጊዜ ይጠፋል።

ምንባቡ በአብዛኛው በተደራጊ ግሥ ተጽፏል፤ «ይመታል»፣ «ይሠመራል»፣ «ይቀባሉ» ይላል። ሠሪው ማንም ቢሆን ሥራው አንድ ስለሆነ ይህ ተገቢ ነው። ስለ ኤሌክትሪኩ ሲናገር ግን «ባለሙያ ይሠራዋል» ብሎ ሠሪውን ጠርቷል። «ሽቦው ይያያዛል» ብቻ ብሎ ቢያልፈው፣ አንዱ ልጅ ቢላዋ ይዞ ሽቦ ሊልጥ ይነሣል። በተደራጊ ግሥ ስትጽፉ በየዓረፍተ ነገሩ «ይህን ማንም ቢሠራው ጉዳት የለውምን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ስለ ማያያዣ ቃላት አንድ ነገር እንጨምር። የተማሪዎችን ድርሰት ያረመ መምህር ሁሉ «ቀጥሎ … ቀጥሎ … ቀጥሎ» የሚል ገጽ አይቷል። ምንባቡ «ቀጥሎ» የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሞበታል። በሌላው ስፍራ ያለፈውን ሥራ ስም ራሱን ማያያዣ አድርጎታል፤ «መቀመጫውና ማሳያው ከታወቁ በኋላ» የሚለውን ልብ በሉ። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ተራውን ብቻ ሳይሆን የተራውን ምክንያት ያመለክታል፤ ማሳያው ያልታወቀ ክፍል ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅምና።

መልመጃ

ሀ. በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የሚያሻማውን ቃል ለዩና አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖራቸው አድርጋችሁ ጻፉ።
1. ኮርኒሱ ሲመታ የፕሮጀክተሩ ሽቦ ይወጣል።
2. ቀለሙ ሳይቀባ ምንጣፉ ይነጠፋል።
3. መራጊው ጭቃውን ሲያቦካ ጭዱ ይጨመራል።

ለ. በምንባቡ ውስጥ ኮርኒሱ የተጠቀሰው ከልስኑ በኋላ ነው። የፕሮጀክተሩ ሽቦ ግን አስቀድሞ ወደ ጣሪያው ወጥቷል። ይህ ለምን እንደ ሆነ «ስለ» የሚለውን መስተዋድድ በመጠቀም በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

ሐ. በሰፈራችሁ ቤት የሚመርግ፣ ቆርቆሮ የሚመታ ወይም ጎተራ የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ ስለ አሠራሩ ጠይቁ። የነገራችሁን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። ከዚያም ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አንብቡለት፤ ጥያቄ ጠይቆ ያስቆማችሁን ቦታ ሁሉ በእርሳስ አስምሩበትና ያን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፉት።