አሶሳ ላይ ቤት ልትገዢ ስታስቢ

ልጄ፣ ሥራሽ አሶሳ ከሆነና ኪራዩ ካንገሸገሸሽ ቤት ልግዛ ማለትሽ ደግ ሐሳብ ነው። ደላላ በአንድ ቀን አምስት ቤት ሊያሳይሽ ይችላል፤ ከተማዋን ግን ማንም በአንድ ቀን አያሳይሽም። እንዲህ አድርጊ።

1. ቤቱን በመጋቢትም በነሐሴም እዪው። የአሶሳ ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በቀትር አያስቀምጥም። በክረምት ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ ባጃጅ እስከ በሩ ይገባ እንደሆነ ታያለሽ። የውኃውን ነገር ሻጩን አትጠይቂ። በበጋ ጀሪካን ይዘው የሚያልፉትን ጠይቂ፤ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እነሱ ይነግሩሻል።

2. ምስጥ ፈልጊ። የዚያ አገር ምስጥ ክፉ ነው፤ እንጨቱን ከውስጥ ይበላና ቀለሙን ብቻ ያስቀራል። የበሩን መቃን አንኳኪ፣ ከመሬት ወደ ግድግዳው የሚወጣ ቀጭን የጭቃ መስመር ካየሽ ቆም በዪ። የድንጋይ መሠረት ያለው ቤት ዋጋው ቢጨምርም ይሻልሻል። የቀርከሃ አጥር ያምራል፣ ክልሉም በቆላ ቀርከሃ የታወቀ ነው፤ በየጊዜው ማደሻ ግን ያዢለት። በግቢው ማንጎ ካለ አታስቆርጪው፤ ለዚያ ሙቀት ጥላው ሀብት ነው።

3. ከቤቱ ይልቅ በጎረቤቱ ላይ ረጅም ጊዜ አጥፊ። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። አሶሳ የበርታ አገር ናት፤ አዲስ አበባ ያለው ሸጎሌ እንኳ የተጠራው በዚያው አገር ገዥ በሼህ ሆጀሌ ስም ነው። በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆችም ዛሬ አገራቸው እዚያው ነው። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ከሰው ለመግባባት አትቸገሪም፤ ቢሆንም ሰላምታውን በበርትኛ ተማሪ። ቡና ሲጠሩሽ ሂጂ፣ ለቅሶ ድረሺ፣ እድሩን ጠይቂና ግቢበት። ከጎረቤቶችሽ ብዙዎቹ ሙስሊም ሊሆኑ ይችላሉና የረመዳንን ሰዓት እወቂ። ሰፈሩ ሌሊት ምን እንደሚመስል፣ ግጭት በነበረባቸው ዓመታት ማን ለማን በር እንደከፈተ የሚነግሩሽ ካመኑሽ በኋላ ነው። ይህን ሳትሰሚ አትግዢ።

4. መንገዱን በሒሳብሽ ውስጥ አስገቢ። አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መኪናው በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ ነው የሚያልፈው። በምዕራብ ወለጋ በነበረው ግጭት ይህ መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይወደዳል። ስለዚህ ጅምር ቤት ረክሶ ቢያጓጓሽም ማስጨረሻውን ደምሪበት።

5. መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዢው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ 99 ዓመት ሰጥቷል፤ ከሊዝ ክፍያው ምን እንደቀረ አጣሪ። በከተማው ዳር ከገበሬ በመንደር ውል የሚሸጥ ቦታ ካርታ ስለሌለው አትንኪው። እዳና እገዳ እንደሌለበት ማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ደላላው ቢያጣድፍሽም፣ ሻጩ ሌላ ገዢ መጣብኝ ቢልሽም፣ ይህ ሳይሟላ ቀብድ እንኳ እንዳትሰጪ።