የተሰወረው ዕቃ የት አለ? የተጫዋቾች አስተያየትና የዓይናችን አሠራር

መግቢያ

ሦስት ወጣቶች በጊኒር ከተማ በአንድ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠዋል እንበል። በስክሪኑ ላይ የአንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት ክፍል ይታያል። ሻማ፣ የተሰበረ መስተዋት፣ የደረቀ አበባ፣ መጻሕፍትና የራስ ቁር ተደራርበው ተቆልለዋል። ከሥዕሉ ግርጌ የአሥራ ሁለት ዕቃዎች ስም ተዘርዝሯል። ተጫዋቹ ሁሉንም ፈልጎ ሲያገኝ የተቆለፈው በር ይከፈታል፤ የተረቱም ምሥጢር በአንድ እርምጃ ይገለጣል። ጨዋታው ሲያበቃ የመጀመሪያው ወጣት «እጅግ ቀላል ነው» ይላል። ሁለተኛዋ «ቁልፉ በሥዕሉ ውስጥ አልነበረም» ስትል ትከራከራለች። ሦስተኛው ደግሞ «ሥዕሉ ስለተዝረከረከ ዓይን ያደክማል» ይላል።

ሦስቱም ያዩት አንድ ሥዕል ነው። ታዲያ የማንን አስተያየት እንቀበል? በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ አስተያየቶች ስለ ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ስለ ዓይንና ስለ አእምሮ አሠራር የሚነግሩንን እንመለከታለን። በተለይም «አልነበረም» የሚለው ቃል ከጨዋታው ውጭ፣ በስንዴ ማሳና በላቦራቶሪ ውስጥ፣ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል እናሳያለን።

የጨዋታው ምንነት

የተሰወረን ነገር መፈለግ አዲስ ጨዋታ አይደለም። ድብብቆሽ ያልተጫወተ ልጅ የለም። በሥዕል መልክ ከታወቁት መካከል እንግሊዛዊው ማርቲን ሃንድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው «ዌርስ ዎሊ» የተባለው መጽሐፍ ይጠቀሳል፤ አንባቢው በብዙ ሕዝብ መካከል አንድን ሰው ይፈልጋል። በኮምፒዩተር ረገድ ቢግ ፊሽ ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው «ሚስትሪ ኬዝ ፋይልስ፦ ሃንትስቪል» ዘርፉን በሰፊው አስተዋውቋል። ከዚያ ወዲህ የዕቃ ፍለጋው ከተረትና ከአስማት ታሪክ ጋር ተዋሕዷል። የፖላንዱ አርቲፌክስ ሙንዲ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ግሪም ሌጀንድስ» ለዚህ ምሳሌ ነው።

በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ላይ ፍለጋው ለጠናበት ተጫዋች ፍንጭ የሚሰጥ ቁልፍ አለ። ያለ ማስተዋል በየቦታው የሚጫን ተጫዋች ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ ለጥቂት ጊዜ ይታገዳል። ዲዛይነሮቹ እነዚህን የጨመሩት ዓይን ገደብ እንዳለው ስለሚያውቁ ነው።

ዓይን እንዴት ይፈልጋል?

ሥዕሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ በጥራት የምናይ ይመስለናል። ነገር ግን በሬቲና ላይ ጥርት ያለ ምስል የሚቀበለው ፎቪያ የተባለው ጠባብ ሥፍራ ብቻ ነው። ክንዳችንን ዘርግተን የአውራ ጣታችንን ጥፍር ብናይ፣ ፎቪያ የሚሸፍነው በግምት ያንኑ ያህል ስፋት ነው። ቀሪው ሁሉ ደብዘዝ ብሎ የሚታይ ነው። በመሆኑም ዓይናችን በሴኮንድ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያህል ከቦታ ወደ ቦታ እየዘለለ ሥዕሉን በቁርጥራጭ ይሰበስባል።

እ.ኤ.አ. በ1980 አን ትሪስማንና ጋሪ ጌላድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ፍለጋን በሁለት ከፍለው አስረዱ። የሚፈለገው ነገር በአንድ ባሕርይ፣ ለምሳሌ በቀለም ብቻ፣ ከአካባቢው ከተለየ በዙሪያው ያሉት ነገሮች ቢበዙም እንኳ ወዲያው ብቅ ብሎ ይታያል። የሚለየው በሁለት ባሕርያት ጥምረት ከሆነ ግን ትኩረት በየነገሩ ላይ ማረፍ ይኖርበታል፤ ነገሮቹ በበዙ ቁጥር ጊዜውም ይረዝማል።

ይህንን በባሌ ተራሮች ማየት ይቻላል። ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የሳነቴ አምባ የወጣ ሰው፣ ቀይ ቀበሮ በአመድማ አረንጓዴ ቁጥቋጦ መካከል ስታልፍ ቀለሟ ዓይኑን ይስበዋል። የቀበሮዋ ዋነኛ ምግብ የሆነው ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ራሱን ብቅ ሲያደርግ ግን ጠጉሩ ከተቆፈረው አፈር ጋር ስለሚመሳሰል፣ ተመልካቹ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ መቃኘት አለበት። ጥሩ የዕቃ ፍለጋ ጨዋታም ጥቂት «ቀይ ቀበሮዎችን» ለማበረታቻ፣ ብዙ «ፍልፈሎችን» ለፈተና ያዘጋጃል።

አስተያየቶቹ ሲመረመሩ

1ኛ. «ሥዕሉ የተዝረከረከ ነው።» ይህ ቅሬታ ተገቢ መሠረት አለው። ዕቃዎች ሲጠጋጉና ጠርዛቸው ሲደራረብ፣ ከፎቪያ ውጭ ያለው ደብዛዛ እይታ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል። ዓይንም ቀጥሎ ወዴት እንደሚዘል የሚመራው ያጣል። የተጫዋቹ ድካም የስንፍና ምልክት አይደለም።

2ኛ. «የዕቃው ስም አሳሳተኝ።» በቃል የተነገረን ነገር መፈለግ በሥዕል የታየን ነገር ከመፈለግ ይዘገያል፤ ቃል ብዙ መልክ ስላለው ነው። በዝርዝሩ ላይ «ብር» የሚል ቢጻፍ የምንፈልገው የወረቀት ገንዘብ ነው፣ ሳንቲም ነው ወይስ የብር አምባር? ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ሲሆን ለእኛ ተጫዋቾች ችግሩ ይጨምራል።

3ኛ. «በዚያ ቦታ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።» አእምሯችን ዕቃዎች የሚገኙበትን ሥፍራ ከልማድ ይማራል። የጊኒር ልጅ ጀበናን ፈልግ ቢባል ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ረከቦቱና ወደ ምድጃው ይሄዳል። በአውሮፓ ቤተ መንግሥት ሳሎን ውስጥ የእሳት መቆስቆሻ ፈልግ ሲባል ግን እንዲህ ያለ መሪ ልማድ የለውም። ስለዚህ ለአንዱ አገር ተጫዋች «ቀላል» የሆነው ለሌላው «አስቸጋሪ» ቢሆን ሊያስደንቀን አይገባም።

4ኛ. «ቀላል ስለሆነ ሰለቸኝ።» ትውልደ ሃንጋሪው የሥነ ልቦና ሊቅ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰው በሥራው ተመስጦ የሚቆየው የፈተናው ክብደት ከችሎታው ጋር ሲመጣጠን ነው። ፈተናው ሲያንስ መሰልቸት፣ ሲበዛ ጭንቀት ይከተላል። «ቀላል» የሚለው አስተያየት ስለ ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ልምድም ይመሰክራል።

አስተያየት ሲበዛ እውነት ይበዛልን?

አንድ መቶ አስተያየቶች ከአንዱ የተሻሉ ይመስላሉ። ነገር ግን አስተያየት የሚጽፈው ማን ነው? ናን ሁ፣ ፖል ፓቭሉና ጂ ዣንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በአማዞን ላይ ለዕቃዎች የተሰጡ ነጥቦችን ሲያጠኑ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥቦች በዝተው መካከለኞቹ አንሰው አገኟቸው። ስለ አንድ የሙዚቃ ሲዲ የጥናቱ ተሳታፊዎች በሙሉ ነጥብ እንዲሰጡ ሲደረግ ግን አብዛኛው ነጥብ ወደ መካከል ተሰበሰበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እጅግ የተደሰተና እጅግ የተናደደ ይጽፋል፤ «ደህና ነው» ያለው ሰው ዝም ይላል። ደግሞም ጨዋታውን የሚገዛው አስቀድሞ ዘርፉን የሚወድ ሰው ነው።

በመሆኑም አስተያየትን ስናነብ ፍርዱን ከገለጻው እንለይ። «መጥፎ ጨዋታ ነው» ፍርድ ነው። «ቁልፉ ከበሩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ስለነበረው አሥር ደቂቃ ፈለግሁት» ግን ሊመረመር የሚችል ገለጻ ነው።

ከጨዋታው ወደ ስንዴው ማሳ

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ወጣት እንመለስ። ቁልፉ በሥዕሉ ውስጥ ነበር፤ በዝርዝሩ ላይ የተጻፈ ዕቃ ሁሉ በሥዕሉ ውስጥ እንዲኖር የጨዋታው ሕግ ያስገድዳል። ፍለጋዋን እንድትቀጥል የሚያበረታት ይኸው ዋስትና ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ዝርዝርም ዋስትናም የለም።

ጄረሚ ዎልፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ የሻንጣ ፍተሻን በሚመስል ሥራ ላይ የሚፈለገው ነገር ከምስሎቹ በ50 በመቶው ውስጥ ሲገኝ ፈላጊዎቹ 7 በመቶውን ብቻ ሳቱ። በ1 በመቶው ብቻ ሲገኝ ግን 30 በመቶውን ሳቱ። ነገሩ ብርቅ ሲሆን ፈላጊው ፈጥኖ «የለም» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 24 የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች የሳንባ እብጠት ሲፈልጉ፣ በምስሉ ላይ ሆን ተብሎ የገባውን የጎሪላ ሥዕል 20ዎቹ አላዩትም። እንግዲህ ዕውቀትና ልምድም ሙሉ በሙሉ አያድኑም።

ይህ ለባሌ ሕዝብ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ባሌ ከአገራችን ዋነኛ የስንዴ አብቃይ አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ የስንዴ ዋግ ጠላቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ በስፋት ከተዛመተ በኋላ፣ ይህንን በሽታ የሚቋቋመው ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በብዛት ተዘራ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ግን ዲጋሉን የሚያጠቃ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተነሣ፤ ከ10,000 ሄክታር በላይ በሚሆን መሬት ላይ ምርቱ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ጠፋ። ጥፋቱን ያመጣው አዲሱ የበሽታ ዘር እንጂ የገበሬው ዓይን አይደለም። ሆኖም ዋግ ቶሎ ሲታይ መድኃኒት ለመርጨት ጊዜ ይገኛል። በማሳው ላይ ለዓመታት ዋግ ያላየ ዓይን ደግሞ ከላይ እንዳየነው ፈጥኖ «የለም» ለማለት የተጋለጠ ነው።

መፍትሔው ዓይንን መውቀስ ሳይሆን ለፍለጋ ሥርዓት ማበጀት ነው። የወባ ምርመራ ባለሙያ ጥገኛ ተሕዋስያኑን ባያይም በማይክሮስኮፕ ቢያንስ 100 የእይታ መስኮች ሳይመረምር «ነፃ ነው» ብሎ እንዳይጽፍ የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ያዛል። በማሳም ላይ ከዳር ቆሞ ከመመልከት ይልቅ፣ ማሳውን በዚግዛግ እያቋረጡ በተወሰኑ ቦታዎች ቆሞ የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን ተክሎች ግንድና ቅጠል መመርመር፣ ከተቻለም ሌላ ሰው እንዲደግመው ማድረግ ይጠቅማል።

ሙከራ

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ ወረቀት፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የእጅ ሰዓት።

ሀ. በአንድ ወረቀት ላይ 10 ሰማያዊ ክቦችና አንድ ቀይ ክብ በዘፈቀደ ይሳሉ። በሌላ ወረቀት ላይ ሰማያዊዎቹን 40 ያድርጉ።

ለ. በሦስተኛው ወረቀት ላይ 5 ሰማያዊ ክቦች፣ 5 ቀይ መስቀሎችና አንድ ቀይ ክብ ይሳሉ። በአራተኛው ላይ ክቦቹንና መስቀሎቹን ሃያ ሃያ ያድርጉ።

ሐ. ወረቀቶቹን ላላየ ጓደኛ በየተራ እያሳዩ ቀዩን ክብ ለማግኘት የፈጀበትን ጊዜ ይመዝግቡ። በ«ሀ» ጊዜው እምብዛም አይለወጥም፤ በ«ለ» ግን ነገሮቹ ሲበዙ ይረዝማል።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. ቀይ ቀበሮና ፍልፈል ለዓይን የተለያየ የፍለጋ ሥራ የሚሆኑት ለምንድን ነው?
2. ስለ አንድ ጨዋታ የተጻፉ አስተያየቶች የሁሉንም ተጫዋቾች ስሜት ላይወክሉ የሚችሉት ለምንድን ነው?
3. «አልነበረም» በሚለውና «ይህንን ያህል ፈልጌ አላገኘሁም» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት በራስዎ ምሳሌ ያስረዱ።

ሦስተኛውን ጥያቄ በሚገባ የመለሰ አንባቢ የዚህን ትምህርት ፍሬ አግኝቷል። ሁለተኛዋ ወጣት «ቁልፉ አልነበረም» ከማለት ይልቅ «የሥዕሉን ግራ ጎን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ቀኙን አላየሁም» ብትል ኖሮ፣ ጓደኞቿ የት መፈለግ እንዳለባቸው ባወቁ ነበር። ከማሳው የተመለሰ ገበሬም ሆነ ከላቦራቶሪ የወጣ ባለሙያ እንዲህ ብሎ ሲናገር፣ ሌላው ሰው ፍለጋውን ከዚያው መቀጠል ይችላል።