የማሽን ፕላስቲክ፦ መምረጥ፣ በቶርኖ መቅረጽና ማዘዝ

የማሽን ፕላስቲክ ወይም ኢንጂነሪንግ ፕላስቲክ የሚባለው ሸክም፣ ፍትጊያና መጠነኛ ሙቀት ችሎ በብረት ፋንታ የማሽን ክፍል ሆኖ የሚያገለግል ፕላስቲክ ነው። ቡሽ (ዘንግ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት)፣ ሮለር፣ ጊር፣ የቫልቭ መቀመጫ፣ የእህል ማውረጃ ንጣፍ ይሠራበታል። አይዝግም፤ ብዙ ጊዜ ያለ ግራሶ ይሠራል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ሲፋተግ የሚያልቀው ራሱ መሆኑ ነው፤ ውድ የሆነው ዘንግ ይተርፋል፣ ርካሹ ቡሽ ይለወጣል።

በወሎ ደጋ ለዚህ ቅርብ የሆነው ምሳሌ አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማላዊና በኬንያ እየተሞከረ የተዘጋጀው ይህ ፓምፕ በኢትዮጵያ ገጠር በስፋት ተተክሏል። የእጀታው መዞሪያ የሚያርፈው በፕላስቲክ ቡሾች ላይ ነው፤ አንዱ ከናይለን፣ ተጣማሪው ከአሴታል የተሠራ። ዓይነታቸው የተለያየው በአጋጣሚ አይደለም። ፕላስቲክ ከራሱ ዓይነት ጋር ሲፋተግ ቶሎ ይበላላል፤ ከሌላ ዓይነት ጋር ሲጣመር ዕድሜው ይረዝማል። ቡሾቹ የመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ራሱ በመፍቻ ፈትቶ እንዲለውጣቸው ተብለው የተሠሩ ናቸው።

ከዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ይወጣል። ዝግጁ መለዋወጫ ያለው ዕቃ አይቀረጽም። የአፍሪዴቭ ቡሽ በቅርጽ ማውጫ በብዛት የሚፈበረክ ስለሆነ በቶርኖ አንድ በአንድ ማስቀረጹ ከመግዛት የበለጠ ያስወጣል፤ ጥራቱም ያንሳል። የሚቀረጸው መለዋወጫው የማይገኝለት ነው፦ ከገበያ የጠፋ የወፍጮ ሞዴል፣ የዳቦ ሊጥ ማቡኪያ፣ የአትክልት ውኃ መሳቢያ፣ በአካባቢው የተሠራ መውቂያ።

ሥራውን መጠየቅ

ፕላስቲክ የሚመረጠው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። ክፍሉ ውኃ ይነካዋል ወይ? ምን ያህል ይሞቃል? ፀሐይ ላይ ይውላል? ምግብ ይነካዋል? ዘንጉ በምን ፍጥነት ይዞራል? እነዚህ ካልተመለሱ ወደ ገበያ መውጣት ገንዘብ መጣል ነው።

ናይለን በብዛት የሚገኘውና ለአብዛኛው ደረቅ ሥራ የሚበቃው ነው። ጠንካራ ነው፣ ምት ይችላል፣ ፍትጊያም ይቋቋማል። ትልቁ ጉድለቱ ውኃ መጠጣቱ ነው። ናይለን 6 የሚባለው ውኃ ውስጥ ሲከርም ከክብደቱ እስከ 9 በመቶ የሚደርስ ውኃ ይይዛል፣ መጠኑም ያብጣል፤ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ናይለን እስኪጠግብ ከቆየ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሊጨምር ይችላል። ደረቅ ሳለ ልክክ ያለው ቡሽ ፓምፕ ውስጥ ከገባ በኋላ ዘንጉን አንቆ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃ ላለበት ቦታ አሴታል ይሻላል። ዴልሪን በሚባለው የንግድ ስሙም ይታወቃል። የሚጠጣው ውኃ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ሲቀረጽም ከሁሉ ይልቅ ለልክ የሚገዛ እሱ ነው። ለጊርና ለቫልቭ ክፍል ተመራጭ ነው፤ ክሎሪን የበዛበት ውኃና ጠንካራ አሲድ ግን ይጎዱታል።

ከባድ ፍቀት ላለበት፣ ማለትም አሸዋ፣ እህል ወይም ጭቃ ለሚንሸራተትበት ንጣፍ፣ እጅግ ከፍተኛ ሞለኪውል ክብደት ያለው ፖሊኤትሊን የሚተካከለው የለም። ውኃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፣ ውኃ ላይም ይንሳፈፋል። ለስላሳ ስለሆነና ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለማይችል ለጠበቀ ልክ አይሆንም። ቴፍሎን በተቃራኒው እስከ 260 ዲግሪ ይችላል፣ ከሁሉም ያንሸራትታል። ነገር ግን ሸክም ሲጫነው ቀስ እያለ ይተኛል፤ ለማሸጊያ ቀለበት እንጂ ሸክም ለሚሸከም ቡሽ ብቻውን አይበጅም። ውስጡ መታየት ላለበት መከለያ አክሪሊክ ወይም ፖሊካርቦኔት ይበቃል፤ ምት የሚያገኘው ከሆነ ሁለተኛው።

ደጋው የራሱን ሁለት ጥያቄ ይጨምራል። አንደኛው ፀሐይ ነው። ከፍታ ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረሩ ስለሚበረታ ውጭ የሚውል ነጭ ፕላስቲክ ይሰነጣጠቃል፤ ለደጅ ሥራ ጥቁሩ ይመረጣል። ሁለተኛው የሌሊቱ ብርድና የቀኑ ሙቀት ልዩነት ነው። በ20 ዲግሪ ልዩነት 100 ሚሊ ሜትር ብረት 0.02 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ናይለን ከ0.15 ይበልጣል፣ ፖሊኤትሊን 0.3 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ረጅም የፖሊኤትሊን ንጣፍ በብሎን ሲታሰር ቀዳዳው ሞላላ መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ አለዚያ እኩለ ቀን ላይ ይጎብጣል።

የፍጥነቱም ጥያቄ አለ፤ በፍጥነት በሚዞረው የወፍጮ ዋና ዘንግ ላይ ያለው ኩሽኔታ በናይለን ቡሽ መተካት የለበትም። በዚያ ፍጥነት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ቡሹ ይቀልጣል። የቡሽ ቦታው ቀስ ብሎ የሚዞረው ወይም የሚወዛወዘው ክፍል ነው፤ የእህል ማውረጃው መንቀጥቀጫ፣ የእጀታ መዞሪያ፣ የመጋቢው ዘንግ።

ዓይነቱን ማረጋገጥ

ሱቅ ውስጥ ነጭ ፕላስቲክ ሁሉ ናይለን ወይም ቴፍሎን ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። በተለይ ከአሮጌ ማሽን የተፈታ ቁራጭ ሲገዛ የሻጩ ቃል አይበቃም። ጥሩነቱ፣ ማረጋገጫው ሁለት ብርጭቆና ጨው ብቻ ይፈልጋል።

ከፕላስቲኩ ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይጣላል። የአየር አረፋ እንዳይዘው በጣት ይታሻል። ከተንሳፈፈ ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከሰጠመ ወደ ሁለተኛው ብርጭቆ ይዛወራል፤ በዚህኛው ውኃ ውስጥ ጨው እየተጨመረ፣ ከሥሩ ሳይሟሟ የሚቀር ጨው እስኪታይ ድረስ ይማሰላል። እንዲህ ያለው ውኃ በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.2 ግራም ያህል ይመዝናል። ናይለን 1.14 ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ አሴታል 1.41 ስለሆነ ይሰጥማል። ቴፍሎንም ይሰጥማል፣ ግን በእጅ ሲያዝ በክብደቱ ይለያል፣ 2.2 ገደማ ነውና። የመስታወት ጭረት የተቀላቀለበት ናይለን ግን ፈተናውን ያሳስታል፤ እሱም ይሰጥማል።

የሚገዛው ሙሉ የፕላስቲክ ዘንግ ከሆነ ሚዛን ይበቃል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ናይለን 2.2 ኪሎ፣ አሴታል 2.8 ኪሎ፣ ቴፍሎን 4.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሒሳቡ ሻጩ በኪሎ ሲያስከፍልም ይጠቅማል።

በእሳት መለየት የተለመደ ነው፤ ናይለን ሲቃጠል እንደ ተቃጠለ ፀጉር፣ ፖሊኤትሊን እንደ ሻማ ይሸታል። ይሁንና በጥንቃቄና ደጅ ላይ ካልሆነ የሚመከር አይደለም። አሴታል ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ለማለት ይቻላል፣ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። ፒቪሲ አሲድ ያወጣል። ቴፍሎን ጨርሶ መቃጠል የለበትም፤ ጭሱ ትኩሳት ያለበት ሕመም ያመጣል፤ ፍቅፋቂው የነካውን ሲጋራ ማጨስም እንዲሁ።

በቶርኖ መቅረጽ

ብረት የለመደ ባለሙያ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ቢላው ነው። ብረት ሲቆርጥ የዋለ ቢላ ለፕላስቲክ ደነዝ ነው፤ ከመቁረጥ ይልቅ ያሻል፣ ማሸቱ ያሞቃል፣ ሙቀቱ ያቀልጣል። በሞላ የተሳለና ጠርዙ በድንጋይ የለሰለሰ፣ ለፕላስቲክ ብቻ የሚቀመጥ ቢላ ያስፈልጋል። የ40 ሚሊ ሜትር ዘንግ በደቂቃ 1,000 እስከ 1,200 ዙር ቢዞር ጥሩ ነው። ቢላው በየዙሩ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ይራመድ፤ አንድ ቦታ ቆሞ ማሸት የለበትም። ፍቅፋቂው ረጅም ክር ሆኖ ማንድሪኖው ላይ ይጠመጠማልና ማሽኑ ሳይቆም በእጅ አይነካም። ለማቀዝቀዝ የታመቀ አየር ይበቃል። አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት ላይ ቤንዚንና ቀጭን ማድረጊያ ፈሳሽ መንካት ስንጥቅ ያመጣል።

አያያዙ ሁለተኛው ነገር ነው። ማንድሪኖው አጥብቆ ከያዘው ቡሹ ተጨምቆ ይቀረጻል፣ ሲፈታ ደግሞ ቀዳዳው ባለ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ጎኑ የተሰነጠቀ የብረት ቀለበት አልብሶ መያዝ ይህን ያስቀራል። ቀዳዳ ሲበሳ ፑንታው ቶሎ ቶሎ እየወጣ ይጽዳ፤ ትልቅ ቀዳዳ ከትንሽ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይሰፋል።

ልክ ለሚጠይቅ ክፍል ሥራው በሁለት ቀን ይከፈላል። መጀመሪያ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተትቶ ይቀረጻል፣ አድሮ ውስጡ ያለው ውጥረት ይለቃል፣ በማግስቱ ይጨረሳል። ትኩስ ሳለ በካሊፐር የተለካ ልክ ውሸት ነው።

ብዙ ቡሽ የሚበላሸው ክፍተቱን በነሐስ ልማድ በመስጠት ነው። ዘንጉ 30 ሚሊ ሜትር፣ ቡሹ የሚገባበት የብረት ቤት 40 ሚሊ ሜትር፣ ቡሹ ደረቅ ቦታ የሚሠራ ናይለን ነው እንበል። ቡሹ ቤቱ ውስጥ እንዲጸና የውጭ ስፋቱ 40.22 ይደረጋል። ሲገባ የተጨመቀው 0.22 ወደ ውስጥ ይገፋና ቀዳዳውን በዚያው ያህል ያጠብበዋል። ዘንጉ በነጻነት እንዲዞር ደግሞ 0.18 ያህል ክፍተት ያሻዋል። ስለዚህ ቶርኖው ላይ ቀዳዳው 30.40 ሆኖ ይወጣል፤ ቡሹ ቤቱ ውስጥ ከገባ በኋላ 30.18 ገደማ ይሆናል። ነሐስ ለለመደ ዓይን ይህ የላላ ይመስላል፤ ነገር ግን ትክክል ነው። ለነሐስ የሚሰጠው ጠባብ ክፍተት ለናይለን ቢሰጥ ሙቀቱ ሲመጣ ዘንጉ ይያዛል።

ማዘዝ

የቶርኖ ሥራ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከአዲስ አበባ እንደ መካነ ሰላምና አጅባር ወዳሉ የወሎ ከተሞች ለሚያስመጣ ሰው፣ ስሕተት ከተፈጠረ ዕቃውን መመለሱ ጉዞ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ በስልክ ቃል ብቻ ሳይሆን በአንድ ገጽ ንድፍ ይሂድ። ንድፉ ላይ የፕላስቲኩ ሙሉ ስም፣ ቀለሙ፣ ልኮች በሙሉ በሚሊ ሜትር፣ ብዛቱና የሚፈቀደው ስሕተት ይጻፋል። ስሕተቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ሊሆን ሲችል 0.01 መጠየቅ ዋጋ መጨመር ነው፤ ፕላስቲኩ ራሱ በአንድ ቀን ውስጥ ከዚያ በላይ ይለዋወጣል። ክፍሉ የት እንደሚሠራ፣ ውኃ ወይም ምግብ እንደሚነካው አንድ መስመር ቢታከል ባለሙያው የተሳሳተ ምርጫን ቀድሞ ያያል። ዱቄት ለሚነካ ክፍል ምንጩ ያልታወቀ ጥቁር ፕላስቲክ አይታዘዝ፤ ከተለያየ ቆሻሻ ተቀልጦ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

አሮጌውን ቡሽ ናሙና አድርጎ መላክ ቀላል ይመስላል፣ ግን የተበላ ቡሽ የተበላ ልክ ይሰጣል። ልኩ የሚወሰደው ከዘንጉና ከቤቱ ነው፤ ናሙናው ለቅርጽ ብቻ ይላካል። ዘንጉም ይታይ፤ የዛገ ወይም የተቧጠጠ ዘንግ አዲሱን ቡሽ እንደ ሞረድ ይፈቀዋል።

ብዙ ከታዘዘ አንድ ብቻ አስቀድሞ ተሠርቶ፣ ተገጥሞና ሠርቶ ከታየ በኋላ ቀሪው ቢቀረጽ ይሻላል። አንዴ ቶርኖው ላይ ልኩ ከተያዘ ሁለትና ሦስት መጠባበቂያ መጨመሩ ብዙ አያስወጣም። ጥሬ ዘንግ የሚያዝ ደግሞ ለመጋዝና ለመያዣ የሚጠፋውን ርዝመት ይጨምር፤ ዘንጉ ሲደርስም ጫፉ ተቆርጦ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ወይም አረፋ እንደሌለው ይታይ።

መትከልና ማስቀመጥ

ቡሹ በመዶሻ አይመታም። ጠፍጣፋ ብረት ተደግፎ በሞርሳ ወይም በረጅም ብሎንና ዳዶ ቀስ ተብሎ ይገፋል። የቤቱ አፍ ጠርዝ አስቀድሞ በሞረድ ከተለሰለሰ ቡሹ አይላጥም። ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሳ ጥቂት ግራሶ ቢቀባ ይጠቅማል፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ግራሶ ከዱቄት ጋር ተለውሶ ፍቀት ስለሚያፋጥን ደረቁ ይሻላል። ማሽኑ ለአንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ቆሞ የቡሹ ቤት በእጅ ይዳሰስ። እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ካለው ክፍተቱ ጠቧል ወይም ፍጥነቱ በዝቷል፤ ተፈትቶ ቀዳዳው በ0.05 ሚሊ ሜትር እየሰፋ ይሞከራል።

መጠባበቂያው ናይለን ከሆነ በታሰረ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ። ከረጢቱ ላይ የማሽኑ ስም፣ የፕላስቲኩ ዓይነትና የተቀረጸበት ልክ ቢጻፍ ቀጣዩ ትእዛዝ አዲስ ንድፍ አያስፈልገውም።