ከእንጆሪና ከእርጎ የሚሠራ ቀላል የበጋ ማጣጣሚያ

መግቢያ

በበጋ ወራት በመስኖ የሚለማው እንጆሪ ሲደርስ አምራቹ ከጊዜ ጋር ይሽቀዳደማል። ማለዳ የተለቀመ ፍሬ ፀሐይ ላይ ከዋለ ማምሻውን ይለሰልሳል፤ በማግሥቱም ሻጋታ ሊይዘው ይችላል። ገበያው የሚፈልገው ጠንካራውንና መልኩ ያማረውን ስለሆነ፣ በለቀማና በጭነት ጊዜ ትንሽ የተጫነው ፍሬ ሳይሸጥ ይቀርና ይጣላል። ይህ ፍሬ ግን እስካልበሰበሰና እስካልሻገተ ድረስ በዚያው ቀን ለምግብ ሊውል ይችላል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት አሠራሩን ለአባሎቻቸው እንዲያስተምሩ ነው።

በአገራችን እንጆሪ የሚለው ስም ለሁለት ተክሎች ያገለግላል። አንደኛው በደጋ፣ በጫካና በወንዝ ዳር የሚበቅለው እሾሃሙ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአትክልት ቦታ የሚተከለውና መሬት ለመሬት የሚሳበው ነው። እዚህ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። የጫካውም ቢሆን ለዚሁ ሥራ ይሆናል፤ ነገር ግን ይበልጥ ለስላሳ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዝ።

100 ግራም እንጆሪ 60 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ ይሰጣል። ይህ ቪታሚን በእሳት ስለሚቀንስ ፍሬውን በጥሬው መብላት ይመረጣል።

ለቀማና ምርጫ

እንጆሪ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የቀላው ብቻ ይለቀም። ለቀማው ጤዛው እንደረገፈ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይከናወን። ፍሬው ከነአረንጓዴ ቆቡና ከአጭር አንገቱ ጋር ተቆርጦ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ላይ ይደርደር፤ ከተከመረ የላይኛው የታችኛውን ይጨፈልቀዋል።

የተለቀመው በሦስት ይለያል። ጠንካራው ለገበያ ይሄዳል፤ የለሰለሰው ለማጣጣሚያ ይውላል፤ ሻጋታ የታየበት ይጣላል። የሻገተውን ክፍል ቆርጦ ቀሪውን መብላት አይገባም፤ ሻጋታው ለዓይን ከሚታየው አልፎ ወደ ለስላሳው ሥጋ ሊዘልቅ ይችላልና።

ለ5 ሰው የሚያስፈልገው

• እንጆሪ፣ 500 ግራም
• ስኳር፣ 4 የሾርባ ማንኪያ (50 ግራም ያህል)
• ከፈላ ወተት የተዘጋጀ እርጎ፣ 1 ሊትር
• የግማሽ ሎሚ ጭማቂ

አሠራር

1. እርጎው ከዋዜማው በፊት ይሰናዳል። ወተቱ በደንብ ይፈላና ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቀደም ሲል ከፈላ ወተት ከተዘጋጀ እርጎ 2 የሾርባ ማንኪያ ይጨመርበትና ተከድኖ በሙቅ ቦታ እስኪረጋ ይቆያል። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ እርሾ አይሁን፤ በማፍላት የጠፋውን በሽታ መልሶ ሊያመጣ ይችላል። በወይራ የታጠነ ዕቃም ለዚህ አይመከርም፤ የጭሱ ሽታ የእንጆሪውን መዓዛ ይሸፍናል።

2. የረጋው እርጎ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ተቋጥሮ በቀዝቃዛ ቦታ 2 ሰዓት ያህል ይንጠልጠል። አጓቱ ሲወርድ ወፍራሙ ይቀራል።

3. እጅን በሳሙና ከታጠቡ በኋላ ፍሬው ከነቆቡ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። እንጆሪ ለአፈር ቅርብ ሆኖ የሚያድግና በጥሬው የሚበላ ስለሆነ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይሁን። ቆቡ የሚነሣው ከታጠበ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተነሣ ውኃው ወደ ውስጥ ይገባና ጣዕሙን ያቀጥነዋል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም አይገባም።

4. ፍሬው ተቆራርጦ ስኳርና የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል፤ ለ30 ደቂቃ ተከድኖ በጥላ ይቀመጣል። ስኳሩ የፍሬውን ውኃ ስቦ ቀይ ጭማቂ ያወጣል፤ ሌላ ማጣፈጫ አያስፈልገውም።

5. እርጎው በየሳህኑ ተከፋፍሎ እንጆሪው ከነጭማቂው ከላይ ይደረግበታል። ቀድሞ ተደባልቆ ከቆየ እርጎው ስለሚቀጥን፣ ሊቀርብ ሲል ብቻ ይጨመር።

በስኳር ፈንታ ማር መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

በጾም ጊዜ

55 ቀን የሚጾመው የዓቢይ ጾም አብዛኛው በበጋው ላይ ይውላል። እንጆሪው ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ወተት አይቀምስም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ እርጎው ይቅርና በምትኩ የ3 ብርቱካን ጭማቂ እንጆሪው ላይ ይጨመር።

ማቀዝቀዣ በሌለበት

ማሰሮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይቀመጥ፤ ጨርቁም እየደረቀ ሲሄድ በውኃ ይረስ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ የማሰሮው ውስጥ ከውጭው አየር ይቀዘቅዛል። ይህ ማጣጣሚያውን ለጥቂት ሰዓት ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያሳድረውም። ስለዚህ የተዘጋጀው በዚያው ቀን ይበላ።

ለልማት ሠራተኞችና ለማኅበራት

ትምህርቱ በቃል ብቻ ከሚሰጥ በሥራ ቢታይ ይሻላል። ከአንድ ማሳ የተለቀመ ፍሬ በሁለት ሳህን ይከፈል፤ አንደኛው ቆቡ ተነሥቶ ውኃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፣ ሌላው ከነቆቡ ታጥቦ ቆቡ ይነሣ። አባላቱ ሁለቱንም ቀምሰው ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩ።

ማጣጣሚያውን ለመሸጥ የሚያስብ ማኅበር ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የፍሬውን፣ የወተቱን፣ የስኳሩን፣ የማገዶውንና የጉልበቱን ወጪ ይደምር። በየለቀማው ቀንም ስንት ኪሎ ለገበያ እንደሄደ፣ ስንት ኪሎ ለማጣጣሚያ እንደዋለና ስንት ኪሎ እንደተጣለ ይመዝገብ። የሚጣለው እየበዛ ከሄደ ጥፋቱ የሚፈለገው በማሳው፣ በለቀማውና በጭነቱ ላይ ነው። ማጣጣሚያው ለስላሳውን ፍሬ ያድናል፤ በጥንቃቄ ጉድለት የተበላሸውን ግን አይመልስም።