የወፍጮ ሞተር ሕመሙ ሳይፈታ እንዴት ይታወቃል?

እንደ አዘና ባለ ከተማ ያረጀ የወፍጮ ሞተር ጧት አልነሣ ሲል፥ እህል ይዞ የመጣ ሁሉ ይጉላላል። ባለቤቱ ቸኩሎ ቢያስፈታው ደግሞ ወጪው ከባድ ነው።

ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ያሳየው ሞተር ሻማ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው በሚፈጠረው ትኩሳት ነው። ስለዚህ አየሩ ካፈተለከ ትኩሳቱ ይጠፋል።

ይህን ለማወቅ፥ ናፍጣውን ዘግታችሁ ከባዱን መዘውር በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጤነኛው ሞተር ጭመቃው ላይ ሲደርስ ይከብዳል፤ የተበላው ግን በቀላሉ ያልፋል። ያን ጊዜ ፉጨቱን አዳምጡ፦

፩ኛ/ በጢስ ማውጫው ቢሰማ፥ የማስወጫው ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፤

፪ኛ/ በአየር ማስገቢያው ቢሰማ፥ ጥፋቱ የማስገቢያው ቫልቭ ነው፤

፫ኛ/ በዘይት መጨመሪያው ቢሰማ፥ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። እንዲህ ያለው ሞተር ሲሠራ ዘይት ስለሚያቃጥል ጢሱ ሰማያዊ ይሆናል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ከመፍቻ በፊት ጆሮ ይቅደም።