ነፋስ የማይጥለው የካሜራ መቆሚያ፦ ከሞላሌ ደጋ ላይ ሂላልን ለማንሳት



ሸዕባን ወይም ረመዷን ሲያልቅ በየስልካችን የሚዘዋወረውን የጨረቃ ፎቶ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠቆር ባለ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ጠብታ፣ አንዳንዴም እንደ ትል የተጠማዘዘ መስመር ነው። አንዱ «ሂላል ነው» ይላል፣ ሌላው «የመብራት ምሰሶ ነው» ይላል፤ ክርክሩ እስከ ዒሻእ ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ካሜራው አቅም ስለሌለው ሳይሆን የቆመበት ነገር ስለሚንቀጠቀጥ ነው።

የሚዲያ ክፍላችን ከመዋጮ በተሰበሰበ ገንዘብ ትራይፖድ ሊገዛ አስቧል። ገንዘቡ አማና ነው። ትራይፖዱ ላይ የሚቀመጠው ካሜራም የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ ከወደቀ የሁላችንም ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ዕቃውን የምንመዝንበት አንድ ፈታኝ ቦታ በሐሳባችን እንያዝ። እኔ ሞላሌን መርጫለሁ። ግቢያችን ውስጥ ሣር ላይ የማይወድቅ ትራይፖድ ሞልቷል፤ መንዝ ላይ የሚቆም ግን ያን ያህል አይገኝም።

ሞላሌ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የመንዝ ከተማ ናት። ወደ ጓሳ ሲወጣ ደግሞ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። አገሩ ገላጣ ነው፤ ነፋሱን የሚከልል ዛፍ ጥቂት ነው፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ለሂላል ፈላጊ ግን ይህ ቦታ ትልቅ ጥቅም አለው። በ3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ጥግግቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ብርሃንን የሚበትነው አየርና አቧራ ይቀንሳል፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይጠቁራል። ፊዚክስ የምትማሩ «አየሩ ከሳሳ የነፋሱ ግፊትም ይቀንሳል» ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ በእኩል ፍጥነት ሲነፍስ ግፊቱ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ችግሩ መንዝ ላይ ነፋሱ በእኩል ፍጥነት አለመምጣቱ ነው። የነፋስ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

እግሩ ለምን ሦስት እንደሆነ እናቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይወዛወዝም። አራት ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሁልጊዜ አየር ላይ ይቀር ነበር። ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ አንድ ጠለል ይሠራሉ፤ ትራይፖድም በዚሁ ምክንያት ድንጋያማ መሬት ላይ ይረጋል። ሆኖም አለመወዛወዝና አለመውደቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን በቁጥር እንየው።

አንድ ኪሎ የሚመዝን ቀላል ትራይፖድና 1.2 ኪሎ የሚመዝን ካሜራ ከነሌንሱ አለን እንበል። ድምሩ 2.2 ኪሎ ነው፤ ወደ 22 ኒውተን ክብደት ማለት ነው። እግሮቹ ከመሀል 50 ሳንቲ ሜትር ርቀው ቆመዋል። ትራይፖድ የሚወድቀው በሁለት እግሮች መካከል ባለው መስመር ላይ ተገልብጦ ነው፤ ያ መስመር ደግሞ ከመሀል የሚርቀው የ50ውን ግማሽ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ እንዳይወድቅ የሚይዘው ኃይል 22 በ0.25፣ ማለትም 5.5 ኒውተን ሜትር ነው። አሁን ነፋስ 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ በ5 ኒውተን ይግፋው፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር በእጅ ሲያዝ የሚሰማ ክብደት ነው። 5 በ1.2 ሲባዛ 6 ይሆናል። ስድስት ከአምስት ተኩል ይበልጣል፤ ካሜራችን መሬት ላይ ነው።

ከዚህ ስሌት ሦስት ነገር ይወጣል። የመጀመሪያው ክብደት ነው፤ መሀሉ ላይ 4 ኪሎ ድንጋይ ብናስር የሚይዘው ኃይል ከ15 ኒውተን ሜትር ያልፋል። ሁለተኛው ቁመት ነው፤ እግሮቹን አስፍቶ ዝቅ ማድረግ የነፋሱን ጉልበት ያሳጥራል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ አንዱን እግር ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙሩ። በዚያ በኩል የሚይዛችሁ 25 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ቀርቶ ሙሉው 50 ይሆናል። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

አሁን ወደ ግዢው። ሱቅ ስንገባ ዓይናችንን የሚስበው የቁመቱ ቁጥር ነው፤ «እስከ 180 ሳንቲ ሜትር ይዘረጋል» ይባላል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የእግሩ ውፍረት ነው። የቱቦው ግድግዳ እኩል ከሆነ ጥንካሬው ከስፋቱ ኪዩብ ጋር ያድጋል፤ ባለ 28 ሚሊ ሜትር እግር ከባለ 22ቱ በእጥፍ ገደማ ይጠነክራል ማለት ነው። ርዝመት በተቃራኒው ይሠራል፤ ሁለት እጥፍ የረዘመ ቱቦ ስምንት እጥፍ ይለምጣል። ስለዚህ የአንጓዎቹን ብዛት ቁጠሩ። አምስት አንጓ ያለው ትራይፖድ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ደስ ይላል፤ የመጨረሻው አንጓ ግን እንደ እርሳስ ቀጭን ነው። ሦስት አንጓ ይበቃል። በታክሲና በአውቶቡስ ለመያዝ ትንሽ ያስቸግራል፤ ያንን ታግሦ መያዝ ይሻላል።

የመሀሉ ዘንግ ሌላ ወጥመድ ነው። ዘንጉን ወደ ላይ ስትስቡት ሦስት እግር የነበረው ዕቃ አንድ እግር ይሆናል። መቆሚያው ዘንጉ ሳይነሳ አገጫችሁ ድረስ ከደረሰ በቂ ነው። ካልደረሰም ጎንበስ ማለት ነው።

ካርቦን ፋይበር ወይስ አሉሚኒየም? ካርቦኑ ይቀላል፣ ንዝረትን ቶሎ ያበርዳል፣ በውርጭ ንጋትም እጅን አያቆረፍድም። ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው። በመዋጮ ገንዘብ ለሚገዛ ጀመዓ ወደ ሁለት ኪሎ የሚመዝን፣ የላይኛው እግሩ 28 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ባለ ሦስት አንጓ አሉሚኒየም ከሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ብርዱን ለመከላከል እግሩን በጨርቅ መጠቅለል ነው፤ የመንዝ ባና ቁራጭ ከተገኘ ደግሞ ከየትኛውም ስፖንጅ ይበልጣል።

ካሜራው የሚታሰርበትን ራስ ለብቻው መርምሩ። ኳስ ያለው ራስ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ርካሹ ኳስ ካጠበቃችሁት በኋላ ቀስ ብሎ ያዘነብላል። በረጅም ሌንስ ይህች ትንሽ ዘንበል ማለት ጨረቃዋን ከፍሬሙ ለማስወጣት ትበቃለች። በሳጥኑ ላይ የሚጻፈውን «የመሸከም አቅም» እንዳለ አትመኑት፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚለካው። ከካሜራውና ከሌንሱ ክብደት ቢያንስ ሦስት እጥፍ የተጻፈበትን መውሰድ ለጥንቃቄ ይረዳል። ካሜራውን የሚይዘው ብሎን በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት፣ ሩብ ኢንች ነው፤ ስለዚህ ካሜራችን ቢቀየርም ትራይፖዱ ይቀጥላል። በዚሁ ብሎን የስልክ መያዣም ይታሰራል።

መቆለፊያው ሁለት ዓይነት ነው፦ የሚጠመዘዝና በጣት የሚከፈት ክሊፕ። ጓሳ ላይ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ረግረግም አለ፤ ጭቃና አሸዋ የሚጠመዘዘው ውስጥ ከገባ ይንገጫገጫል። ክሊፑ ሲላላ በዓይን ይታያል፣ በትንሽ መፍቻም ይጠብቃል። ለእኛ ክሊፑ ይሻላል። የእግሩ ጫፍ ጎማና ሹል ብረት የሚፈራረቅበት ከሆነ ተመራጭ ነው፤ ለሣርና ለጭቃ ብረቱ፣ ለድንጋይና ለቤት ውስጥ ጎማው።

ሻጩ ፊት ሳታፍሩ ሞክሩት። ሁሉንም አንጓ ዘርጉ፤ ራሱን በእጅ ይዛችሁ በቀስታ ለመጠምዘዝ ሞክሩ፤ ከላይ ተጫኑት። አንጓ ከገባ ወይም መጋጠሚያው ከተንቀሳቀሰ ተዉት። ካሜራችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ እሰሩትና ስክሪኑን እስከ መጨረሻው አጉልታችሁ ሩቅ ያለ ነገር ላይ አነጣጥሩ። እግሩን በጣት መታ አድርጉና ምስሉ እስኪረጋ ቁጠሩ። ከሁለት ሰከንድ በላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ነፋስ ላይ ጭራሽ አይረጋም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ጨረቃ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ስፋት አላት። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሰንሰሩ ላይ የምታርፈው ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ሳትሞላ ነው። የስልክ ዋና ሌንስ ትክክለኛ ርዝመቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በስልክ ከሚሊ ሜትር ሃያኛ አትበልጥም። ያ ነጭ ጠብታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በእጅ ይዘን በ300 ሚሊ ሜትር ስናነሳ ቢያንስ በሰከንድ ሦስት መቶኛ ማንሳት አለብን ይባላል፤ በድንግዝግዝ ያለች ቀጭን ሂላል ግን ከሰከንድ አሥረኛ እስከ ግማሽ ሰከንድ ልትፈልግ ትችላለች። ይህን ክፍተት የሚሞላው ትራይፖዱ ብቻ ነው። ከግማሽ ሰከንድ በላይም አትሂዱ፤ ጨረቃ የራሷን ስፋት በሁለት ደቂቃ ገደማ ስለምትጓዝ መቆሚያው ቢረጋም እሷ ትንቀሳቀሳለች።

ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ምስል እንዴት እንደሚሠራ በሙከራ ያጠናው የበስራው ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም (965–1040 ገደማ) በግርዶሽ ጊዜ የፀሐይ ማጭድ መሰል ምስል የሚታየው ቀዳዳው ሲጠብ ብቻ መሆኑን በተለየ ድርሳን አብራርቷል። የእኛም ጉዳይ ከዚያ አይርቅም፤ የማጭዷ ቅርጽ እውነት ሆኖ እንዲታይ መሣሪያው ምን መሆን አለበት የሚል ጥያቄ ነው።

ሞላሌ ላይ ስትደርሱ አቅጣጫ አያስቸግርም። መካና መንዝ በአንድ የኬንትሮስ መስመር አካባቢ ስለሚገኙ ቂብላችሁ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ቂብላ ስትቆሙ ምዕራብ በግራ እጃችሁ ነው። ፀሐይ ሳትገባ ትራይፖዱን ትከሉ፣ ሌንሱን ግን ወደ ፀሐይ አታዙሩ፤ ዓይንንም ሰንሰርንም ይጎዳል። ክብደት ከካምፓስ ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም፤ ቤቱ ሁሉ በድንጋይ በሚሠራበት አገር ባዶ ከረጢት ይበቃል። ድንጋይ ሞልታችሁ ከመሀሉ መንጠቆ ላይ አንጠልጥሉት፤ ሆኖም ከረጢቱ መሬት በከፊል ይንካ፤ አየር ላይ ከተንጠለጠለ በነፋስ እየተወዛወዘ ራሱ ያናውጠዋል። የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉ፤ ካሜራውን ሳትነኩ በሁለት ሰከንድ ወይም በአሥር ሰከንድ መዘግየት አንሱ።

መግሪብ ሲገባ ሰላት ይቀድማል። የጨረቃዋን ቦታ አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ካሜራውን ከቦታዋ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ቆልፉት፤ በአሥር ደቂቃ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለምትወርድ ሰግዳችሁ ስትመለሱ ፍሬም ውስጥ ታገኟታላችሁ። ሰማዩም ያን ጊዜ ነው የሚመቸው። ግመልን አስሮ መመካት የሚለውን ትምህርት የምናውቅ ሰዎች የድንጋዩን ከረጢት ሳናስር ወደ ሰፍ አንሄድም።

መንዝ ድረስ የሄደ ሰው ጓሳን ሳያይ አይመለስም። ነፍስ ያለውን ፎቶ ማንሳትን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ ብያኔ ስላላቸው የምትከተሉትን ዓሊም ጠይቁ። ለሚያነሳ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን በ67 በመቶ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን በ25 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ቀበሮን በየሜዳው ከማሳደድ ጭላዳዎቹ በሚግጡበት አጠገብ ትራይፖድን ዝቅ አድርጎ ተክሎ መቀመጥ ይሻላል።

ትራይፖዱ ከደጋው ወርዶ በኢፋት በኩል ያሉ ጥንታዊ መስጊዶችን፣ ለምሳሌ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ያለውን ጎዜን፣ ለመመዝገብም ያገለግላል። እዚያ ሹሉን ብረት ወደ ውስጥ መልሱና ጎማውን አውጡ፤ እግሩን ከጭቃ አጽዱ፤ በሰላት ሰዓት ሰፍ ላይ አትትከሉት።

ሂላሏን ካገኛችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሌንሱን ርዝመት እዚያው ጻፉ። ጾም የሚገባውም ዒድ የሚሆነውም በሚመለከታቸው ዑለማዎች ውሳኔ እንጂ በእኛ ፎቶ አይደለም፤ የጠየቀን ዓሊም ካለ ግን የምናሳየው ያልተቆረጠና ያልተቀባ መሆን አለበት። ለማጋራት የምታሳምሩት ቅጂ ይሁን፤ ዋናው ፋይል ካሜራው እንዳወጣው ይቀመጥ።